ጎልደን ኢሪንግ፦ ከዘ ሄግ የተነሣው ባንድ እንዴት ስልሳ ዓመት ቆየ?

ለረጅም መንገድ የሚሆኑ የሮክ ዘፈኖች ሲጠሩ «ራዳር ላቭ» አይቀርም። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ አድሯል። መሪውን የያዘው እጁ በላብ ርሷል። ፍቅረኛው ሩቅ ናት። ስልክ አልደወለችለትም፤ እሱ ግን እየጠራችው እንደሆነ ይሰማዋል። ከሥር ቤዝ ጊታሩ ያለ ዕረፍት ይጋልባል።

ብዙ አድማጭ ይህን ዘፈን የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ሥራ አድርጎ ነው የሚያስበው። የሠሩት ግን ሆላንዳውያን ናቸው። የባንዱ ስም ጎልደን ኢሪንግ ይባላል። ዘፈኑ የወጣው በ1973 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ባንዱ ከተመሠረተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በኋላም እስከ 2021 ዘልቋል።

ከሆላንድ ውጭ ግን «ባለ አንድ ዘፈን ባንድ» እየተባለ ይታለፋል። አባባሉ ልክ አይደለም፤ በሰማሁት ቁጥርም ያናድደኛል። በአገራቸው ሠላሳ የሚጠጉ ዘፈኖቻቸው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብተዋል። 25 የስቱዲዮ አልበም አሳትመዋል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። በ1960ዎቹ ሆላንድ ውስጥ እንደነሱ ያሉ ባንዶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ። ይህኛው ለምን ሳይበተን ዘለቀ?

ከተማዋና መርከቡ

በመጀመሪያ «ቢት» የሚባለውን ሙዚቃ እንየው። ቢት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከእንግሊዝ የተነሣ ስልት ነው። ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ድራም፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ የሚዘፍነው ዜማ። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ። ፈጣን ናቸው፤ ለጭፈራ ይመቻሉ። ቢትልሶች ዓለምን ያዳረሱት በዚህ ነው። ሆላንዶች የራሳቸውን ሲሠሩ «ኔደርቢት» የሚል ስም ወጣለት።

የኔደርቢት ዋና ከተማ አምስተርዳም አልነበረችም፤ ዘ ሄግ ነበረች። ዘ ሄግ ሲባል ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነው። በእነዚያ ዓመታት ለነበረ ሆላንዳዊ ወጣት ግን የጊታር ከተማ ነበረች። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም ከሩቅ ይጀምራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ቅኝ ግዛት ነፃ ወጣች። በቀጣዮቹ ዓመታት 300,000 የሚያህል ሰው ከዚያ ወደ ሆላንድ ገባ። ብዙዎቹ ከኢንዶኔዥያም ከአውሮፓም የሚወለዱ ነበሩ። ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ዘ ሄግ ናት። እነዚህ ሰዎች ጊታርን ከልጅነታቸው ያውቁታል። የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል ሲመጣ ከሆላንዳዊው ጎረቤታቸው ቀድመው ያዙት። የሠሩት ሙዚቃ «ኢንዶ ሮክ» ተባለ።

ከእነሱ መካከል ስማቸው የገነነው ቲልማን ብራዘርስ ናቸው፤ ወንድማማቾች። በ1958 ያወጡት ሸክላ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የሆላንድ ሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ ተብሎ ይጠቀሳል። መሪያቸው አንዲ ቲልማን ጊታሩን ከጭንቅላቱ ኋላ አድርጎ ይጫወት ነበር። በጥርሱም ይጫወት ነበር። ይህ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት አጨዋወት ስሙ የገነነው አሜሪካዊ ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ነው። የሆላንድ ሮክ ታሪክ ሲጻፍ የነዚህ ስደተኛ ቤተሰቦች ድርሻ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ግን መሠረቱ እነሱ ናቸው እላለሁ። የዘ ሄግ ልጆች ጥሩ ጊታር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለንደን መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሬዲዮ ነው። የሆላንድ ሬዲዮ ያኔ በስርጭት ማኅበራት የተከፋፈለ ነበር። ካቶሊኩ የራሱ ማኅበር አለው፤ ፕሮቴስታንቱም የራሱ፤ ሶሻሊስቱም የራሱ። የአየር ሰዓቱን ይከፋፈሉታል። ወጣቱ ለሚወደው ሙዚቃ የሚተርፈው ጥቂት ነበር። ይህን ክፍተት ያዩ ነጋዴዎች በ1960 ሬዲዮ ቬሮኒካን ከፈቱ። ጣቢያው መሬት ላይ አልነበረም። ከባሕር ዳርቻው ባሻገር፣ የአገሪቱ ሕግ የማይደርስበት ቦታ ላይ በቆመ መርከብ ነበር የሚያሰራጨው። የሆላንድ ወጣት በሙሉ ጆሮውን ወደ ባሕሩ አዞረ። በጥር 1965 ቬሮኒካ በየሳምንቱ አርባ ዘፈኖችን በደረጃ የሚያወጣ ሰንጠረዥ ጀመረ። መንግሥትም በዚያው ዓመት ሂልቨርሰም 3 የተባለ የፖፕ ጣቢያ ለመክፈት ተገደደ።

ይህ ለባንዶቹ ምን ጠቀማቸው? ከዚያ በፊት የአንድ ሰፈር ባንድ የሚታወቀው በሰፈሩ ነበር። አሁን አንድ ሸክላ ቬሮኒካ ላይ ከተሰማ በሳምንት ውስጥ አገር ያውቀዋል።

ጊዜው ምን ያህል የጋለ እንደነበር ለመረዳት አንድ ምሽት ይበቃል። ኦገስት 8 ቀን 1964 የእንግሊዞቹ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ ከዘ ሄግ ዳርቻ በሚገኘው ስኸቨኒንገን፣ ኩርሃውስ በተባለው የድሮ የተከበረ አዳራሽ ሊጫወቱ መጡ። ጥቂት ዘፈን እንደተጫወቱ አዳራሹ ተናወጠ። ወንበር ተሰበረ፤ ፖሊስ ገባ፤ ኮንሰርቱ ተቋረጠ።

ሁለት የጎረቤት ልጆች

ጆርጅ ኮይማንስና ሪኑስ ኸሪትሰን የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። በ1961 ባንድ ሲያቋቁሙ ጆርጅ 13 ዓመቱ፣ ሪኑስ 15 ዓመቱ ነበር። ጆርጅ ጊታር፣ ሪኑስ ቤዝ ጊታር። መጀመሪያ ራሳቸውን ቶርኔዶስ ብለው ነበር። በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ እንግሊዝ ውስጥ መኖሩን ሲያውቁ ቀየሩት። «ዘ ጎልደን ኢሪንግስ» አሉ፤ የወርቅ ጉትቻዎች ማለት ነው። ስሙን የወሰዱት ይጫወቱት ከነበረ ዜማ ነው። በኋላ «ዘ» ወደቀ፤ በ1969 ደግሞ የብዙ ቁጥሩ «ስ» ወደቀና ጎልደን ኢሪንግ ሆነው ቀሩ።

በ1965 «ፕሊዝ ጎ» የተባለው የመጀመሪያ ሸክላቸው ወጣ፤ ወዲያው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገባ። ማናጀራቸው ፍሬዲ ሃየን ግን በድምፁ ጥራት አልረካም። የሆላንድ ስቱዲዮዎች ያኔ ለኤሌክትሪክ ጊታር አልተዘጋጁም ነበር። ስለዚህ ለቀጣዩ ዘፈን ልጆቹን ለንደን፣ ፓይ ስቱዲዮ ወሰዳቸው። «ዛት ዴይ» እዚያ ተቀረጸ። በ1966 በሆላንድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ እንዳይሆን የከለከለው የቢትልሶች «ሚሼል» ነው። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህ ሽንፈት አይባልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንይ። እነዚያን ቀደምት ዘፈኖች የጻፉት ኮይማንስና ኸሪትሰን ራሳቸው ናቸው። የዘመኑ ብዙ ባንድ የሰው ዘፈን እየተጫወተ ነበር የሚኖረው። በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዘፈን የደረሰ ሰው ሸክላው በተሸጠ ቁጥር፣ ሬዲዮ ላይ በተሰማ ቁጥር፣ ሌላ ሰው መልሶ በዘፈነው ቁጥር ገንዘብ ያገኛል። የሰው ዘፈን የሚጫወት ግን የሚያገኘው በዋናነት ከመድረኩ ነው። መድረኩ ሲቀዘቅዝ ኑሮውም ይቀዘቅዛል። ሆላንድ ያኔ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ገበያ አንደኛ መውጣት ብቻውን ለረጅም ጊዜ አያኖርም። የራስ ዘፈን መያዝ ግን ያኖራል።

የዚህን ነገር ክብደት የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ከራሱ ከባንዱ ጋርም ይገናኛል። የ1960ዎቹ ድራመራቸው ያፕ ኤኸርሞንት በ1969 ወጥቶ ፕሮዲውሰር ሆነ። የቬሮኒካ ዲጄና የሙዚቃ አሳታሚ የነበረው ቪለም ፋን ኮተን ደግሞ አንድ ቀን ሸክላ ቤት ገብቶ የታወቁ ዘፈኖች ተቆራርጠው የተቀጣጠሉበት የዲስኮ ሙዚቃ ይሰማል። በመካከሉ መብቱ የእሱ የሆነ ዘፈን አለ፤ ማንም አላስፈቀደውም። እሱም ከመካሰስ ይልቅ ሕጋዊውን ራሴ ላሠራው አለ። ሥራውን ለኤኸርሞንት ሰጠው። «ስታርስ ኦን 45» የተባለው ሸክላ እንዲህ ተወለደና በ1981 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ያ ያለ ፈቃድ የገባው ዘፈን «ቬነስ» ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በ1967 ትልቅ ለውጥ መጣ። ድምፃዊው ፍራንስ ክራሰንበርግ ወጣና ባሪ ሄይ ገባ። ሄይ የተወለደው ሕንድ፣ ፋይዛባድ ነው። አባቱ ስኮትላንዳዊ መኮንን፣ እናቱ ሆላንዳዊት ናቸው። እንግሊዝኛን በሸክላ አልተማረም፤ ቤቱ ነው የሰማው። ዋሽንትና ሳክስፎንም ይጫወታል። ከዚያ በኋላ የባንዱ ግጥም ከቢት ዘመን የፍቅር ቃላት እየወጣ ታሪክ ወደ መንገር ሄደ።

በ1968 ስሙ ለምላስ የሚያስቸግር «ዶንግ ዶንግ ዲ ኪ ዲ ጊ ዶንግ» የተባለ ዘፈን በሆላንድ የመጀመሪያውን አንደኛነት ሰጣቸው። ቀላል፣ ደስ የሚል ዘፈን ነው። እነሱ ግን በዚያ መንገድ አልቀጠሉም። በ1969 ወደ አሜሪካ ሄደው ከሆላንድ ባንዶች ቀድመው የኮንሰርት ጉዞ አደረጉ። በዚያው ዓመት ባወጡት አልበም ላይ የአሜሪካኖቹን የበርድስን «ኤይት ማይልስ ሃይ» አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ አርዝመው ተጫወቱት። የሁለት ደቂቃ ተኩል የቢት ባንድ ነበሩ፤ አሁን አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ በሙሉ ይይዛል። ብዙ የኔደርቢት ባንድ የተበተነው እዚህ መታጠፊያ ላይ ነው። ዘመኑ ከአጭር ዘፈን ወደ ረጅም ሮክ ሲዞር አልዞሩም፤ ወይም መዞር አልቻሉም።

በ1970 ድራመሩ ሴዛር ዛውደርቫይክ ገባ። ሄይ፣ ኮይማንስ፣ ኸሪትሰን፣ ዛውደርቫይክ። ከዚህ በኋላ አምስተኛ ሰው አንዳንዴ ገባ፣ ወጣ። አራቱ ግን እስከ መጨረሻው አብረው ነበሩ። ኮይማንስ ያገባውም የኸሪትሰንን እህት ነው። ጓደኝነቱ ወደ ዝምድና ተሻገረ።

ቀድመው የደረሱትና የቀሩት

አሜሪካን ቀድሞ የያዘው ግን ጎልደን ኢሪንግ አልነበረም። እዚያው ዘ ሄግ፣ ዘ ሞሽንስ ከተባለው ባንድ የወጣው ጊታሪስቱ ሮቢ ፋን ሌውዌን በ1967 ሾኪንግ ብሉን አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ማሪስካ ቬረስ የምትባል ድምፃዊት አመጣ። ድምፅዋ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ አንዴ የሰማው አይረሳውም። «ቬነስ» በፌብሩዋሪ 1970 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ከሆላንድ እዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። የሚገርመው በራሷ በሆላንድ ከሦስተኛ አላለፈም። በዚያው ዓመት ቲ ሴት የተባለው የዴልፍት ባንድ አሜሪካ ውስጥ አምስተኛ ደረሰ። ጆርጅ ቤከር ሰሌክሽን የተባለው ሌላ የሆላንድ ባንድም ተከተለ።

ለጥቂት ወራት ሆላንድ ሁለተኛዋ እንግሊዝ ልትሆን ነው ተባለ። አልሆነችም። ሾኪንግ ብሉ በ1974 ተበተነ። ፋን ሌውዌን ዋናው ደራሲ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ባንዱ የሚቆምበት ሁለተኛ እግር አልነበረውም። ጎልደን ኢሪንግ ውስጥ ኮይማንስም ሄይም ይጽፋሉ፤ ኸሪትሰንም አለ። ለእኔ ከዕድልም ከተሰጥኦም በላይ ያቆያቸው ይህ ይመስለኛል።

በ1972 አውሮፓ ውስጥ ለእንግሊዞቹ ለዘ ሁ መድረክ ከፋች ሆነው ተጫወቱ። ዘ ሁ ወደዷቸው፤ ትራክ በተባለው ሸክላ አሳታሚያቸው በኩል እንዲያወጡም ተጋበዙ። ይህ ለአንድ የሆላንድ ባንድ ትልቅ በር ነው። በቀጣዩ ዓመት «ሙንታን» የተባለው አልበም ወጣ። «ራዳር ላቭ» ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘፈኑን ደግማችሁ ስትሰሙ አሠራሩን ልብ በሉ። አልበሙ ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው። መጀመሪያ ጊታር ይገባል፤ ከዚያ የኸሪትሰን ቤዝ ብቻውን መንገድ ይጀምራል። ሄይ ሲዘፍን ሙዚቃው ይቀንስለታል፤ የሌሊት መንገድ ባዶነት ይሰማል። መሐል ላይ የነሐስ መሣሪያዎች ይነሣሉ፤ ድራሙ ይበረታል፤ መኪናው ፍጥነት የጨመረ ይመስላል። አዝማቹ ተደጋግሞ ጆሮ የሚያደነዝዝ ዘፈን አይደለም፤ ወደፊት የሚሄድ ታሪክ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ከሌለ እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት አይመጣም። መድረክ ላይ ደግሞ ዛውደርቫይክ በዚህ ዘፈን ከድራሞቹ በላይ ዘሎ ፊት ለፊት ይወርድ ነበር፤ ሕዝቡም ያንን ለማየት ይመጣ ነበር።

ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ ሰባተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ደረሰ። በአሜሪካው ጉዟቸው መድረክ ይከፍቱላቸው ከነበሩት ባንዶች መካከል ኪስ እና ኤሮስሚዝ ነበሩ። ያኔ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱም ስታዲየም የሚሞሉ ባንዶች ሆኑ።

ጎልደን ኢሪንግ ለምን እንደነሱ አልሆነም? ዋናው ምክንያት ቀጣዩ ሥራ ነው። የአሜሪካ ሬዲዮ ሌላ «ራዳር ላቭ» ይጠብቅ ነበር። እነሱ በ1975 ያወጡት «ስዊች» ኪቦርድ የበዛበት፣ የተወሳሰበ አልበም ነበር። ገበያው አልተከተላቸውም። ሌላው ምክንያት ቦታ ነው። ኪስና ኤሮስሚዝ ከዓመት ዓመት አሜሪካን እየዞሩ ነበር። ጎልደን ኢሪንግ ከ1969 እስከ 1984 አሥራ ሦስት ጊዜ አሜሪካ ሄዶ ተጫውቷል፤ ግን ሁልጊዜ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቤታቸውም ቤተሰባቸውም እዚያ ነው። አሜሪካ ቀዝቃዛ ስትሆን የሚመለሱበት አዳራሽ ነበራቸው፤ ሕዝብም ነበራቸው።

በ1982 ሁለተኛው ዕድል መጣ። «ትዋይላይት ዞን»ን የጻፈው ኮይማንስ ነው፤ ከአንድ የስለላ ልብ ወለድ መነሻ ይዞ። ክሊፑን የሆላንዱ ዳይሬክተር ዲክ ማስ እንደ አጭር የስለላ ፊልም አድርጎ ሠራው። የሙዚቃ ክሊፕ የሚያሳየው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ነው፤ ጥሩ ክሊፕ ይራባል። ዘፈኑ በ1983 አሜሪካ ውስጥ አሥረኛ ደረሰ፤ ከ«ራዳር ላቭ» በልጦ። «ባለ አንድ ዘፈን» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

በ1984 ግን ክሊፕ ያነሣቸውን ሌላ ክሊፕ አደናቀፋቸው። «ዌን ዘ ሌዲ ስማይልስ» በሆላንድ አንደኛ ወጣ። ክሊፑ ውስጥ አንዲት መነኩሲት ስትደፈር የሚያሳይ ትዕይንት ነበር፤ ኤምቲቪ አልቀበልም አለ። እኔም ትዕይንቱ አስፈላጊ ነበር አልልም። የአሜሪካ በር በዚያ ተዘጋ።

አገራቸው ግን አልተዘጋችም። በ1992 ኤሌክትሪኩን ትተው በአኩስቲክ ጊታር የድሮ ዘፈኖቻቸውን እንደገና የተጫወቱበት «ዘ ኔክድ ትሩዝ» የተባለ አልበም በሆላንድ በገፍ ተሸጠ። አዲስ ትውልድ ያወቃቸው በዚህ ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የወጣው «ጎይንግ ቱ ዘ ራን» ደግሞ ያልታሰበ ዕጣ ገጠመው። ስለ ሞተረኛ ጓደኛቸው ሞት የተጻፈ ዘፈን ነው። አሪያ የተባለው የሩሲያ ባንድ በሩሲያኛ ግጥም መልሶ ሠራው፤ ሩሲያ ውስጥ የሁሉም ሰው ዘፈን ሆነ። ዜማው የመጣው ከዘ ሄግ መሆኑን የማያውቅ ሩሲያዊ ብዙ ነው።

የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን የተጫወቱት በኖቬምበር 2019 ሮተርዳም፣ አሆይ አዳራሽ ነው። የመጨረሻው እንደሚሆን ያኔ አላወቁም። በፌብሩዋሪ 2021 ኮይማንስ ኤኤልኤስ የተባለው በሽታ እንደያዘው ተነገረ። ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው፤ መድኃኒት አልተገኘለትም። ሦስቱ ሌላ ጊታሪስት መቅጠር ይችሉ ነበር። አልፈለጉም፤ ባንዱ በዚያው አበቃ። ኮይማንስ በጁላይ 2025 በ77 ዓመቱ አረፈ።

መስማት ለምትፈልጉ የምመክረው ቅደም ተከተል ይኸው። በ«ዛት ዴይ» ጀምሩ፤ የቢቱን ዘመን ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ «ራዳር ላቭ»ን፣ ለሬዲዮ የተቆረጠውን ሳይሆን አልበሙ ላይ ያለውን ሙሉውን። ከዚያ «ትዋይላይት ዞን»። በመጨረሻ «ዘ ኔክድ ትሩዝ»ን ከዳር እስከ ዳር። ቲልማን ብራዘርስን ደግሞ አትርሱ፤ በ1960 አካባቢ ጀርመን ውስጥ የተቀረጹ ቪዲዮዎቻቸው ዛሬም ይገኛሉ።